አረጋውያንን ከአልጋ ያስነሡ ሐኪም፤ የዶክተር ማርጆሪ ዋረን የሕይወት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ አሰላ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ በላይ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጭላሎ ተራራ ቆሞ ይታያል፤ ከተራራውም ሥር እስከ ኢተያና እስከ ሳጉሬ የገብስና የስንዴ ማሳ ተዘርግቷል። መንገደኛው ከማሳው ዳር ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ዕድሜያቸውን ቢጠይቃቸው፣ ብዙውን ጊዜ በቁጥር የተቈረጠ መልስ አያገኝም። ሽማግሌው ጣልያን ሲገባ ጡት ያልጣሉ ሕፃን እንደ ነበሩ፣ ወይም አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ሲያሸንፍ ከብት ይጠብቁ እንደ ነበር ይነግሩታል። የልደት ምዝገባ በመላው ሀገራችን በሕግ መሠረት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ስለ ሆነ፣ በአርሲ ደጋ ከሚኖሩት አረጋውያን የሚበዙት በተወለዱበት ቀን የተጻፈ ወረቀት የላቸውም።

ይሁን እንጂ ዓመቱ በትክክል ቢታወቅስ ስለ ሰውየው ምን ያህል ይነግረናል? ከአንድ መንደር በአንድ ዘመን ከተወለዱት ሁለት ሽማግሌዎች አንደኛው በገበያ ቀን አሰላ ድረስ በእግሩ ወርዶ ይመለሳል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ የአባቶቹን ስም እስከ ዐሥር ትውልድ ይቈጥራል። ሁለተኛው ደግሞ ካለ ደጋፊ ከመደብ አይነሣም፤ የልጅ ልጁንም ስም ይረሳል። የሁለቱ ዕድሜ አንድ ነው፤ ችሎታቸው ግን አንድ አይደለም። እንግዲህ የሰው ጉልበትና የሰው አእምሮ የሚለካው በዓመት ካልሆነ በምን ይለካል? ደካማ ሆኖ የተገኘውስ በእርጅና ነው ወይስ መድኃኒት ባለው በሽታ?

እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬ በየሀገሩ ሐኪም ቤት በሚገባ ይጠየቃሉ። ከ90 ዓመት በፊት ግን በሠለጠነው በእንግሊዝ ሀገር እንኳ የሚጠይቃቸው ሐኪም እጅግ ጥቂት ነበር። ጥያቄዎቹን በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ የዘወትር ሥራ አድርገው የያዙትና በዚህም ለአዲስ የሕክምና ክፍል መሠረት የጣሉት ዶክተር ማርጆሪ ዋረን የተባሉ ሴት ሐኪም ናቸው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የእኒህን ሴት ታሪክ እናቀርባለን። ስለ እሳቸውና በባዕድ ሀገር ስለ ተሠራው ሥራ የሚነገረው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ማርጆሪ ዋረን የተወለዱት በሎንዶን ከተማ ኦክቶበር 28 ቀን 1897 ነው። በአርሲ ሽማግሌዎች አቈጣጠር ብንናገር፣ ከዐድዋ ድል በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ማለት ነው። አባታቸው ጠበቃ ነበሩ፤ ማርጆሪም ከአምስት እኅትማማቾች የመጀመሪያዋ ልጅ ነበሩ። ትምህርታቸውን በሰሜን ሎንዶን በሚገኘውና ለሴቶች ልጆች ከፍተኛ ትምህርት በመስጠት በታወቀው ትምህርት ቤት ከፈጸሙ በኋላ፣ ሕክምና ለመማር ቈረጡ።

በዚያን ዘመን አንዲት ሴት ሐኪም ለመሆን መቍረጧ ቀላል ነገር አልነበረም። የእንግሊዝ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለብዙ ጊዜ ሴቶችን አንቀበልም ብለው በራቸውን ዘግተው ነበር። ስለዚህም በ1874 ለሴቶች ብቻ የተለየ የሕክምና ትምህርት ቤት በሎንዶን ተከፈተ፤ ተማሪዎቹም የተግባር ልምምዳቸውን ሮያል ፍሪ በተባለው ሆስፒታል ያደርጉ ነበር። ማርጆሪ ዋረን በዚሁ ትምህርት ቤት ገብተው ትምህርታቸውን በሚገባ ፈጸሙና በ1923 የሐኪምነት ማዕርግ አገኙ። ይህም ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችበት ዓመት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1926 ከሎንዶን በስተምዕራብ አይልዎርዝ በተባለ ሰፈር በሚገኘው በዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ተቀጠሩ። በዚያም በተለይ በቀዶ ጥገና ሥራ ጥሩ ስም አተረፉ፤ ቀስ በቀስም እስከ ምክትል የሕክምና ኀላፊነት ደረሱ። በዚሁ ሞያ ቢቀጥሉ ኖሮ ምናልባት እንደ ብዙ ጐበዝ ሐኪሞች ለሕሙማኖቻቸው ብቻ ታውቀው በቀሩ ነበር። ነገር ግን በ1935፣ ጣልያን ሀገራችንን በወረረችበት በዚያው ዓመት፣ የሕይወታቸውን መንገድ የለወጠ ሥራ ተሰጣቸው።

ነገሩን ለመረዳት ስለ እንግሊዝ የድኾች ሕግ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በ1834 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ራሱን መመገብ ያልቻለ ድኻ የሚረዳው ለድኾች በተሠራው ማደሪያ ሲገባ ነበር። ሰነፍ ሰው እርዳታ እንዳይለምድ በሚል ሐሳብ የማደሪያው ኑሮ ሆን ተብሎ መራራ እንዲሆን ተደርጓል። ከማደሪያዎቹ ጋራ የተያያዙ የድኾች መታከሚያ ቤቶችም ነበሩ። ጊዜ ሲያልፍ ወደነዚህ ቤቶች ከሚገቡት ሰዎች የሚበዙት ጤነኛ ሥራ ፈቶች ሳይሆኑ ያረጁ፣ የታመሙና ጧሪ ያጡ ሰዎች ሆኑ። በ1929 በወጣ ሌላ ሕግ የድኾቹ ቤቶች አስተዳደር ወደ አውራጃ ምክር ቤቶች ተዛወረ። በ1935ም ከዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል አጠገብ የነበረው የድኾች መታከሚያ ከሆስፒታሉ ጋራ ተቀላቀለና ዶክተር ዋረን ኀላፊው እንዲሆኑ ታዘዘ።

ዶክተር ዋረን የተረከቧቸው ሕሙማን 714 ነበሩ። ከአንድ ጣራ ሥር ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ የአእምሮ ሕሙማን፣ ካለ ጋብቻ የወለዱ እናቶችም ሳይቀሩ ከነሕፃኖቻቸው ተቀላቅለው ይኖሩ ነበር። ከአረጋውያኑ ብዙዎቹ ለወራትና ለዓመታት ከአልጋ አልወረዱም። በሽታቸው ምን እንደ ሆነ በደንብ የተመረመረላቸው ጥቂቶች ነበሩ። ከመታወቂያቸው ላይ የማይድኑ ወይም ያረጁ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ሌላ ነገር የሚጠይቅ አልነበረም። እህል ይሰጣቸዋል፤ ገላቸው ይታጠባል፤ ከአልጋው እንዳይወድቁ ዙሪያው ይከለላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ሞት ብቻ ነበር።

ዶክተር ዋረን ሲመረምሩ የተረዱት ዋና ነገር፣ ከድካሙ ብዙው ክፍል የመጣው ከእርጅና ሳይሆን ከአልጋው መሆኑን ነው። ለረጅም ጊዜ የተኛ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፤ የጉልበቱና የዳሌው መጋጠሚያ ታጥፎ ይደርቃል፤ ጀርባው ይቈስላል። ወደ መጸዳጃ የሚያደርሰው ሰው ስላጣ ሽንቱን በአልጋው ላይ ይለቃል፤ ቀኑን ሁሉ የሚያነጋግረው ሰው ስለሌለም አእምሮው ይደነዝዛል። እንግዲህ ይህ ሰው መጀመሪያ ሲገባ እግሩን ብቻ የታመመ ሊሆን ይችላል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን በእርግጥ ለመነሣት የማይችል ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ የጐበኘው ሐኪምም መጀመሪያ የተጻፈበት ቃል እውነት ነበር ብሎ ያልፋል።

ስለዚህ ዶክተር ዋረን 714ቱን ሕሙማን እያንዳንዳቸውን ከራስ ጠጕራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው መመርመር ጀመሩ። የእያንዳንዱ በሽታ ምን እንደ ሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደ ያዘው ተጻፈ። ከዚህም ጋራ በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ንቀው የሚያልፏቸው ነገሮች ተጠየቁ። ብቻውን ይቀመጣል? ይቆማል? ስንት ርምጃ ይራመዳል? በገዛ እጁ ይበላል? ሽንቱንና ዐይነ ምድሩን ይቈጣጠራል? የሚነገረውን ያስተውላል? ያለበትን ቦታ ያውቃል? ከሆስፒታሉ ውጭስ ማን አለው?

ከምርመራው በኋላ ለረጅም ጊዜ የታመሙትን በአምስት ክፍል ለዩአቸው። የመጀመሪያዎቹ የቀኑን አንዳንድ ሰዓት ከአልጋ ወርደው ለመቀመጥ ወይም ለመንቀሳቀስ የሚችሉ ናቸው። ሁለተኞቹ ከአልጋ የማይወርዱ፣ ነገር ግን ሽንታቸውን የሚቈጣጠሩ ናቸው። ሦስተኞቹ መቈጣጠር የማይችሉ ናቸው። አራተኞቹ አእምሮአቸው የተዘበራረቀ፣ ሆኖም ጸጥ ብለው ሌላውን የማያውኩ ናቸው። አምስተኞቹ አእምሮአቸው እጅግ የተዳከመና ከሌሎቹ ተለይተው መጠበቅ የሚያስፈልጋቸው ናቸው።

አንባቢ ይህን ሲያይ ሰውን እንደ ዕቃ በመደርደሪያ መክፈል መስሎ ይታየው ይሆናል። የዶክተር ዋረን ሐሳብ ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሁሉ በአንድነት ተኝቶ ሳለ ንቁው ከሚጮኸው፣ ሊድን የሚችለው ከሚሞተው አጠገብ ሆኖ ተስፋውን ይቈርጣል። ሲለይ ግን ለእያንዳንዱ የሚገባው ሕክምናና የሚገባው አስታማሚ ይታወቃል። ከዚህም በላይ መለኪያው አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚዘጋ አልነበረም። ዛሬ ከሁለተኛው ክፍል የተቈጠረ ሰው ከወር በኋላ እንደ ገና ሲታይ ወደ መጀመሪያው ተሻሽሎ ሊገኝ ይችላል። የምርመራውም ዓላማ ይህን ለውጥ ማምጣትና ለውጡ መምጣቱን ማወቅ ነበር።

ቀጥሎ የክፍሎቹ መልክ ተለወጠ። ግድግዳው በደማቅ ቀለም ተቀባ፤ መብራቱ ተሻሻለ፤ ሕሙማን ራሳቸውን ችለው የሚንቀሳቀሱባቸው መሣሪያዎች ተገዙ። ሐኪሙ፣ አስታማሚዋ፣ የአካል እንቅስቃሴ አሠልጣኙ፣ የእጅ ሥራ አስተማሪዋና የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛዋ ስለ አንዱ በሽተኛ በአንድነት የሚመክሩበት ልማድ ተጀመረ። ይህ ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ግን አዲስ ነበር።

የማስነሣቱ ሥራ በደረጃ ይካሄድ ነበር። በሽተኛው መጀመሪያ አልጋው ላይ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ እግሩን አውርዶ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያም ወደ ወንበር ይዛወራል፤ ወንበሩን ይዞ ይቆማል፤ በድጋፍ ይራመዳል፤ በመጨረሻም ደረጃ መውጣትና ልብሱን መልበስ ይለማመዳል። ግማሽ አካሉ በስትሮክ የሰነፈ ሰውም ሆነ እግሩ የተቈረጠ ሽማግሌ ከዚህ ልምምድ አይቀርም ነበር። እግሩ በተቈረጠ በሽማግሌነት ዘመን ሰው ሠራሽ እግር ምን ያደርግለታል የሚሉ ብዙዎች ሳሉ፣ ዶክተር ዋረን ግን እንዲራመድ ያስተምሩት ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? በአካልና በአእምሮ እየተሻሻሉ ወደ ቤታቸው ወይም ወደ አረጋውያን ማደሪያ የሚሄዱት በረከቱ። ለረጅም ሕመምተኞች ተይዞ የነበረው 714 አልጋ ወደ 240 ዝቅ አለ። በአልጋዎቹ የሚገቡትና የሚወጡት ሕሙማን ቍጥር ሦስት እጥፍ አደገ። የተረፉትም አልጋዎች ሳንባ ነቀርሳ ለያዛቸው ሕሙማን መታከሚያ ተሰጡ። እንግዲህ አንድን አሮጊት ከአልጋ ማስነሣት ለአሮጊቷ ብቻ ሳይሆን፣ አልጋ አጥቶ በደጅ ለሚጠብቀው ወጣት በሽተኛም ሕይወት ሆነ።

በእርግጥ ሁሉም አልተነሡም። እስከ ዕለተ ሞታቸው እዚያው የኖሩ ብዙዎች ነበሩ፤ አእምሮአቸው አንድ ጊዜ ከጠፋ ያልተመለሰላቸውም ነበሩ። ዶክተር ዋረን እርጅናን አድናለሁ አላሉም። ያሳዩት ነገር፣ ማን እንደሚነሣና ማን እንደማይነሣ ካለ ምርመራ አስቀድሞ ለማወቅ የማይቻል መሆኑን ነው። የማይነሣውም ቢሆን በንጹሕ አልጋ፣ በክብርና በመልካም አስታማሚ እጅ የመሆን መብት እንዳለው አስገንዝበዋል።

የሥራቸውን ፍሬ በሁለት ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች ጽፈው አወጡ። የመጀመሪያው ጽሑፍ በጦርነቱ መካከል በ1943፣ ሁለተኛው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1946 ታተመ። በጽሑፎቻቸው ያቀረቡት ክርክር በአጭሩ እንዲህ ነው። ለረጅም ጊዜ የታመሙ አረጋውያን ከከተማ ዳር በተለየ ቤት ሳይሆን፣ ምርመራና መድኃኒት በሞላበት በጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ የራሳቸው ክፍል ይኑራቸው፤ የሕክምና ተማሪዎችም በዚያ ክፍል ይማሩ፤ የሕፃናት ሕክምና ለብቻው ሞያ እንደ ሆነ ሁሉ የአረጋውያንም ሕክምና ለብቻው ሞያ ይሁን የሚል ነበር።

ብዙ ሐኪሞች ይህን በቸልታ ተመለከቱት። ለሽማግሌ መድከም ከመንግሥት ገንዘብ ማባከን የመሰላቸውም አልጠፉም። ሆኖም ሥራው ያሳመናቸው ሰዎች ተገኙ። በ1947 ዶክተር ትሬቨር ሃውል፣ ሎርድ አምልሪና ዶክተር ዋረን ካሉባቸው ጥቂት ሐኪሞች ጋራ ሆነው የአረጋውያንን ሕክምና የሚያሻሽል ማኅበር አቋቋሙ። ይህ ማኅበር በ1959 ስሙን ለውጦ የእንግሊዝ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ተባለ፤ ዛሬም አለ። በ1948 እንግሊዝ ለሕዝቧ ሁሉ ነጻ የሕክምና አገልግሎት ስታቋቁም፣ የአረጋውያን ሕክምና በአገልግሎቱ ውስጥ የራሱን ቦታ አገኘ።

በዚሁ በ1948 ጆሴፍ ሼልደን የተባሉ ሌላ ሐኪም በዎልቨርሃምፕተን ከተማ በየቤታቸው የሚኖሩትን አረጋውያን እየዞሩ መርምረው መጽሐፍ አወጡ። ዶክተር ዋረን በሆስፒታል የተኙትን ለኩ፤ ዶክተር ሼልደን ደግሞ በቤት ያሉትን ለኩ። ከሁለቱም ሥራ የተገኘው ትምህርት አንድ ነበር። ሰዎች እርጅና እያሉ ከሚጠሩት ድካም ብዙው የሚታወቅ ምክንያት ያለው፣ ከምክንያቱም ጥቂት የማይባለው የሚታከም ነበር።

ዶክተር ዋረን ትዳር አልያዙም። ዘመናቸውን በሙሉ በዚያው ሆስፒታል አገለገሉ። ከእንግሊዝና ከውጭ ሀገር የሚመጡ ሐኪሞች ሥራውን ለማየት አይልዎርዝ ድረስ ይሄዱ ነበር፤ እሳቸውም ወደ ሌሎች ሀገሮች እየተጓዙ ያስተምሩ ነበር። በሴፕቴምበር ወር 1960 ለስብሰባ ወደ ጀርመን በመኪና ሲጓዙ አደጋ ደርሶባቸው በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። አበበ ቢቂላ በሮም አደባባይ በባዶ እግሩ ሮጦ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው በዚያው ወር ነው። እንግዲህ ያን ድል ከብት እየጠበቁ የሰሙት የአርሲ ሕፃናት ዛሬ ሽማግሌዎች ሆነዋል፤ የዶክተር ዋረንም ጥያቄ የእነሱ ጥያቄ ሆኗል።

ከዶክተር ዋረን ሞት በኋላ መለኪያው እየተጣራ ሄደ። በ1963 አሜሪካዊው ዶክተር ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቻቸው ስድስት ነገሮችን የሚጠይቅ መመዘኛ አወጡ። እነሱም መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትን መቈጣጠርና መብላት ናቸው። በ1965 ፍሎረንስ ማሆኒና ዶሮቴያ ባርተል ከዜሮ እስከ 100 ነጥብ የሚሰጥ ሌላ መመዘኛ አሳተሙ። በ1975 ደግሞ አእምሮን በ30 ነጥብ የሚለካ አጭር ፈተና ወጣ። በ1991 ከወንበር ተነሥቶ ሦስት ሜትር ሄዶ ተመልሶ ለመቀመጥ የሚፈጀውን ሰከንድ የሚቈጥር ፈተና ታወቀ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ስለ እርጅናና ስለ ጤና ባወጣው ሪፖርት፣ ጤናማ እርጅና የሚባለው በሽታ አለመኖር ሳይሆን ሰው ዋጋ የሚሰጠውን ነገር ለማድረግ መቻሉ ነው አለ። በ2019ም ለጤና ሠራተኞች መምሪያ አወጣ። መምሪያው የሚመለከታቸው የሰው ችሎታዎች መንቀሳቀስ፣ ምግብና የሰውነት ኀይል፣ ማስታወስና ማሰብ፣ የመንፈስ ሁኔታ፣ ማየትና መስማት ናቸው። ለምሳሌ አረጋዊው እጁን በደረቱ ላይ አጣምሮ በ14 ሰከንድ ውስጥ አምስት ጊዜ ከወንበር መነሣት ይችል እንደ ሆነ ይታያል። ሦስት ቃሎች ተነግረውት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማስታወሱ ይጠየቃል። ባለፉት ሦስት ወራት ካለ ፈቃዱ ከ3 ኪሎ የበለጠ ክብደት መቀነሱ ይመረመራል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ወንበር፣ አንድ ሰዓትና ታጋሽ ሰው ነው።

ይህን መለኪያ ወደ አርሲ ደጋ ስናመጣ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሌላ ሀገር ለተማሩ ሰዎች የተሠራ ጥያቄ ላልተማሩት የጭላሎ አረጋዊ እንዳለ ቢቀርብ፣ ፈተናው የሚለካው አእምሮአቸውን ሳይሆን ትምህርት ቤት አለመግባታቸውን ይሆናል። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቈጥሩ ከመጠየቅ ይልቅ፣ በግ ሸጠው ጨውና ስኳር ከገዙ በኋላ መልሱ ስንት እንደሚሆን ቢጠየቁ ይሻላል። ቀኑን ቢጠየቁ በፈረንጆች ወር ሳይሆን በሀገራችን ወር፣ በገበያው ቀን ወይም በሚያውቁት በዓል ይሁን። ጥያቄውም አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ፣ መቅረብ አለበት። የሚሰሙ መሆናቸውም አስቀድሞ መረጋገጥ ይገባዋል፤ ጆሮአቸው የደከመ ስንት አረጋውያን አእምሮአቸው የደከመ ተብለው ይሆን?

የቤት ሥራውም እንዲሁ መለኪያ ይሆናል። አንዲት አሮጊት ቡናውን አጥበው፣ ቈልተው፣ ወቅጠው፣ በጀበና አፍልተው እስከ በረካ ድረስ ካቀረቡ፣ እጃቸውም፣ ዐይናቸውም፣ ማስታወሳቸውም በአንድነት መሥራታቸው ነው። ቡናውን ቈልተው ከጀበናው መጨመሩን መርሳት የጀመሩ እንደ ሆነ፣ ልጆቻቸው ይህን አይተው ከመሳቅ ወይም ከማፈር ይልቅ ወደ ሐኪም ይዘዋቸው መሄድ ይገባቸዋል። ከምንጭ ውሃ ቀድተው ዳገቱን ይወጡ የነበሩ ሴት ድንገት ሲያቅታቸው የዕድሜ ነው ተብሎ አይታለፍም። የደም ማነስ፣ የልብ ድካም ወይም የጉልበት ሕመም ሊሆን ይችላልና።

በአርሲ ኦሮሞ ባህል አረጋዊን ከቦታው የማያስወግድ ጥንታዊ ልማድ መኖሩም መልካም ነው። በ2016 ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች መካከል በመዘገበው በገዳ ሥርዐት አንዱ የሥልጣን ዘመን 8 ዓመት ነው። ዘመኑን ፈጽሞ ሥልጣኑን ያስረከበው ሰው ዩባ ይባላል፤ ምክሩም ይፈለጋል። ያገቡ ሴቶችም ሲንቄ የተባለችውን በትር ይዘው ሲወጡ ጠብ ይበርዳል። ጉልበት ሲቀንስ ሥራው ይለወጣል እንጂ ሰውየው ከሰው ቍጥር አይወጣም።

ዛሬ በአሰላ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሠራ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ከዚያ የሚማረው የሕክምና ተማሪ ነገ በቦቆጂ ወይም በሌላ ወረዳ ሲመደብ፣ በቃሬዛ ተሸክመው የሚያመጡለት ሽማግሌ አይጠፉም። ልጆቻቸው በእርጅና ነው ይሉት ይሆናል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ መራመድ እንዳቃታቸው፣ ከዚያ በፊት ምን ይሠሩ እንደ ነበር፣ ወድቀው እንደ ሆነ ቢጠይቅ፣ ምናልባት የተሰበረ ዳሌ ወይም ያልታወቀ ስትሮክ ያገኛል። ካልጠየቀ ግን ሽማግሌው ወደ መጡበት ጐጆ ይመለሳሉ፤ ከመደቡም ላይ አይነሡም።

ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ሕጉ ለመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ 60 ብሎ ወስኗል፤ ለአስተዳደር አንድ ቍጥር የግድ ያስፈልጋልና። ይሁን እንጂ ቍጥሩ የሰውየውን ጉልበትና አእምሮ አልለካም። ጡረታቸውን ለመቀበል ወይም የመሬታቸውን ጉዳይ ለማስፈጸም ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ የሚቆሙት አባትና እናት፣ ቀስ ብለው ስለሚናገሩ የማያስቡ፣ ስለሚያነክሱም የማይችሉ መስለው ሊታዩ አይገባም። ወንበር ቀርቦላቸው፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ፣ ነገሩ ቀስ ተብሎ ከተነገራቸው ብዙዎቹ ጉዳያቸውን ከልጆቻቸው አብልጠው ያስረዳሉ። በስማቸው ሌላ ሰው ፈርሞ ንብረታቸውን ከመውሰዱ በፊትም፣ ራሳቸው ማሰብ ይችሉ እንደ ሆነ በሚገባ መጠየቅ የሠራተኛው ግዴታ ነው።

ዶክተር ማርጆሪ ዋረን አዲስ መድኃኒት አላገኙም፤ አዲስ መሣሪያም አልፈለሰፉም። 714 ሰዎች ከተኙበት ቤት ገብተው እያንዳንዱ ምን ማድረግ እንደሚችል ጠየቁ፤ መልሱንም በመዝገብ ጻፉ፤ ከወር በኋላ ተመልሰው እንደ ገና ጠየቁ። ከነዚያ ሰዎችም ብዙዎቹ በእግራቸው ሄደው ወደ ቤታቸው ገቡ። በዚህ እሑድ ከአያቱ አጠገብ የተቀመጠ ተማሪ ቢኖር፣ አያቱን ዕድሜያቸውን ከመጠየቅ ይልቅ ባለፈው ዓመት ይሠሩት የነበረውና ዛሬ ያቃታቸው ነገር ምን እንደ ሆነ ቢጠይቃቸው፣ እኒህ ሐኪም በ1935 የጀመሩትን ሥራ በቤቱ ጀመረ ማለት ነው።